የግንብ ሕንፃ ሲቃጠል የት እንቁም? ለእሳት አደጋ ተከላካዮች የአሠራር መመሪያ

«ከግድግዳው ስንት ሜትር እንራቅ?» ይህ ጥያቄ በሥልጠና ላይም፣ ከሥራ በኋላም፣ በስልክም ሳይቀር በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ሰምቶ መሄድ ይፈልጋል። ቁጥሩ አለ፤ በደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ። ነገር ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ከጣሪያ በላይ ያለውን ግንብ ሳይቆጥር ቁመት ይገምታል፤ ወይም የአደጋውን ክልል በትክክል አስልቶ ሲያበቃ መኪናውን እዚያው ክልል ውስጥ ያቆማል። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙ። ጡብና ድንጋይ አይቃጠሉም፤ የሚቃጠለው ግንቡን ቀጥ አድርጎ የያዘው ነገር ነው። የእንጨት ወለሉ፣ ወራጁ፣ ጣሪያው፣ በመስኮቱ አናት ላይ የተጋደመው እንጨት ሲነድ ብዙ ቶን የሚመዝነው ግድግዳ ደጋፊ አጥቶ ብቻውን ይቆማል። ግንብ ክብደት ከላይ ሲጫነው ብርቱ ነው፤ ወደ ጎን ሲገፋ ወይም ሲሳብ ግን ደካማ ነው። እሳት ደግሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ይገፋዋል፣ ይስበዋል፣ ድጋፉን ይነሳዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ለእያንዳንዱ ቡድን ሬዲዮ፤ ሬዲዮ ባይሰማ የሚተካ የመኪና ጥሩምባ ወይም ፊሽካ
• ሙሉ የመከላከያ ልብስና የመተንፈሻ መሣሪያ
• የማገጃ ጥብጣብና ኮኖች
• በሌዘር የሚሠራ የርቀት መለኪያ፤ ከሌለ በየ5 ሜትሩ ምልክት የተደረገበት ገመድ
• ቱንቢ
• አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና የሙቀት ካሜራ
• ለሌሊት ሥራ ቢያንስ ሁለት ፓውዛ
• ሰው ሳይዘው መሬት ላይ ተተክሎ የሚረጭ የውሃ መድፍ
• ማን የት እንደገባ የሚጻፍበት የስም ሰሌዳ
• ጠመኔ ወይም የሚረጭ ቀለም

ቱንቢ በክር ጫፍ የተንጠለጠለ ክብደት ነው፤ ግንበኛው ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ሲያቆም ይጠቀምበታል። እኛ ደግሞ ግድግዳው ሊወድቅ ማዘንበሉን የምናውቀው በእርሱ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ግን በብዙ መኪኖች ላይ አይገኝም።

ደረጃ 1፦ ግንቡ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ይህ ሥራ የሚያምረው እሳት ሳይነሳ፣ በቅድመ ጉብኝት ጊዜ ነው። ጉብኝት ካልተደረገ ከመኪና እንደወረዳችሁ ሥሩት። ከውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሦስት ዓይነት ሕንፃዎች አሉ፤ አወዳደቃቸው ግን ይለያያል።

የመጀመሪያው ተሸካሚ ግንብ ነው። ግድግዳው ራሱ ወለሉንና ጣሪያውን ይሸከማል፤ ውስጡ ብዙውን ጊዜ እንጨት ነው። በእሳት አደጋ ሥራ ላይ እጅግ አሳሳቢው ይህ ነው፤ ይህ መመሪያም በዋናነት የተጻፈው ለእርሱ ነው። ሁለተኛው የአርማታ ወይም የብረት አጽም ቆሞ በመካከሉ ጡብ ወይም ብሎኬት የተሞላበት ሕንፃ ነው። እዚህ ላይ አጽሙ ቢቆምም በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ እንዳለ ወጥቶ ከፎቅ ሊወድቅ ይችላል። ሦስተኛው በውስጡ የእንጨት ቤት ሆኖ ከውጭ አንድ ረድፍ ጡብ የለበሰ ነው። ይህ ጡብ ምንም አይሸከምም፤ ከእንጨቱ ጋር የሚያያዘው በቀጫጭን ብረቶች ብቻ ነው። እንጨቱ ሲነድ የብረቶቹ መያዣ ይጠፋል፤ ጡቡም ባንድ ጊዜ ይላቀቃል።

ለመለየት እነዚህን ተመልከቱ፦

ሀ) የመስኮቱን ጥልቀት። ከግድግዳው የውጭ ገጽ እስከ ውስጥ ገጹ 25 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የጡብ ውፍረት ካለ ተሸካሚ ግንብ ሊሆን ይችላል። የጡቡ ውፍረት 10 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ከኋላው እንጨት ካለ የለበሰ ጡብ ነው።

ለ) የጡቡን አደራደር። ከአንድ ጡብ በላይ ውፍረት ባለው የቆየ ግንብ፣ በየአምስት ወይም ስድስት ረድፉ ጡቦቹ በአጭር ጎናቸው የሚታዩበት ረድፍ ታያላችሁ። የውጩንና የውስጡን ንብርብር የሚያስተሳስረው ያ ረድፍ ነው። ከላይ እስከ ታች ረጅም ጎን ብቻ የሚታይ ከሆነ የለበሰ ጡብ ነው፣ ወይም በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ክፍተት አለ ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሐ) በግድግዳው ላይ የሚታዩ የብረት ሳህኖችን። ክብ፣ ኮከብ ወይም መስቀለኛ ቅርጽ አላቸው። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስሉታል። ከኋላቸው በሕንፃው ውስጥ የሚያልፍ ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ሁለቱን ተቃራኒ ግድግዳዎች ወይም ግድግዳውንና ወለሉን አያይዟል። በወለል ልክ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ከሆነ ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህም እዚያም የተበታተኑ ከሆኑ ግን ግድግዳው አንድ ጊዜ ማዘንበል ጀምሮ በኋላ ታስሯል ማለት ነው። ብረት ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጥንካሬው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ በደንብ የነደደ ክፍል ደግሞ ከ800 ዲግሪ ያልፋል። ዘንጉ ሲለሰልስና ሲረዝም ግድግዳው ወደ ነበረበት ችግር ይመለሳል።

መ) ሞልታውን፣ ማለትም ጡቦቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ድብልቅ። በጉብኝት ጊዜ በቁልፍ ጫፍ ጡቦቹ የተጋጠሙበትን መስመር ጫር አድርጉት። የሲሚንቶ ሞልታ ቁልፉን ይቋቋማል፤ ያረጀ የኖራ ሞልታ ግን ነጣ ያለ አሸዋ ሆኖ መዳፋችሁ ላይ ይረግፋል። ኖራ በሙቀት ይደክማል፤ ከዚያ የምትረጩት ውሃ ከመጋጠሚያው ጠርጎ ያወጣዋል። ሞልታው የሄደ ግንብ የተደረደረ ጡብ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ ልስን ወይም ቀለም ሁሉንም ይሸፍናል። በልስን የተሸፈነ አሮጌ ግንብ ካጋጠማችሁና ምንነቱን መለየት ካልቻላችሁ ተሸካሚ ነው፣ ሞልታውም ደካማ ነው ብላችሁ ሥሩ።

ደረጃ 2፦ ሕንፃውን ዙሩት

አራቱንም ጎን እዩ። ከፊት ለፊት የሚታየው የተዋበው ገጽታ ነው፤ ስንጥቁ፣ በኋላ የተቆረጠው በር፣ ተደፍኖ በብሎኬት የተሞላው መስኮትና የተቀጠለው ክፍል ያሉት ከጀርባ ነው። ዙሮ ማየት ካልተቻለ፣ ሌላኛው ጎን ላይ ያለ ቡድን ያየውን በሬዲዮ ያሳውቅ።

ስትዞሩ የወለሉ አግዳሚዎች የትኞቹ ግድግዳዎች ላይ እንዳረፉ ለማወቅ ሞክሩ። ጠባብና ረጅም በሆነ ሕንፃ አግዳሚዎቹ በአጭሩ አቅጣጫ፣ ከአንዱ የጎን ግድግዳ ወደ ሌላው ይዘረጋሉ። ስለዚህ የጎን ግድግዳ ሲወድቅ ወለሉን ይዞ ይወርዳል። የፊቱ ግድግዳ ወለል ስለማይሸከም አደጋው ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ከወለሉ ጋር ያለው ትስስር ደካማ ነው። ብዙውን ጊዜ እኛ የምንቆመውም በእርሱ ሥር ነው።

ከሱቅ መስኮቶች በላይ ያለውን ግንብ በተለይ ልብ በሉ። የመሬት ወለሉ ሰፊ መስታወት ከሆነ፣ ከላይ ያለውን ግንብ ሁሉ የያዘው አንድ የተጋደመ ብረት ወይም እንጨት ነው። ከመስታወቱ ነበልባል ሲወጣ ቀጥታ የሚገርፈው ያንን አግዳሚ ነው።

ደረጃ 3፦ የመውደቂያውን ክልል አስሉ

አሁን ወደ ቁጥሩ ደረስን። የግድግዳውን ሙሉ ቁመት በ1.5 አባዙ። ያ ከግድግዳው እግር ጀምሮ ሰው ሊገኝበት የማይገባው ርቀት ነው። ወደ ጎን ደግሞ ክልሉ የግድግዳውን ሙሉ ርዝመት ይይዛል።

ምሳሌ፦ ሦስት ወለል ያለው ሕንፃ ነው። የመሬት ወለሉ ሱቅ ስለሆነ 4.5 ሜትር ነው። ሁለቱ የላይ ወለሎች እያንዳንዳቸው 3.2 ሜትር፣ ከጣሪያ በላይ የወጣው ግንብ 1.1 ሜትር ናቸው። ድምሩ 12 ሜትር ይሆናል። 12 በ1.5 ሲባዛ 18 ሜትር።

ለምን የቁመቱ ልክ ብቻ አልሆነም? ግድግዳ በሦስት ዓይነት መንገድ ይወድቃል። አንደኛ፣ ባለበት ተፈረካክሶ ወደ እግሩ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ከመሃሉ ይታጠፍና የላዩ ወደ ውስጥ፣ የታቹ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሦስተኛው ከሥሩ ተነቅሎ እንደ በር ሙሉ ቁመቱን ይዞ መጋደም ነው። በዚህኛው ጊዜ የግድግዳው አናት ከቁመቱ ጋር እኩል ርቀት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ጡቦቹ መሬት መትተው ወደ ፊት ይፈናጠራሉ። ተጨማሪው ግማሽ ለዚህ መፈናጠር ነው። ግድግዳው በየትኛው መንገድ እንደሚወድቅ አስቀድማችሁ ማወቅ ስለማትችሉ የምትዘጋጁት ለሩቁ ነው።

ከጣሪያ በላይ የሚወጣውን ግንብ፣ ማለትም ፓራፔቱን፣ ለብቻው አስቡት። በሁለት ጎኑ ነፋስ አለ፤ የሚደግፈው ወለል የለም። 10 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ቁመትና 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፓራፔት 2.5 ሜትር ኩብ ጡብ ነው፤ ክብደቱ 4.5 ቶን ያልፋል። በአናቱ ላይ አርማታ የተደረገለት ወይም በብረት የተሳሰረ ከሆነ፣ አንዱ ጫፍ ሲለቅ ቀሪውን ይስበውና ከዳር እስከ ዳር አብሮ ይወርዳል። «እሳቱ በግራ በኩል ስለሆነ በቀኝ በኩል ልቁም» የሚለው ስሌት የማይሠራው ለዚህ ነው።

አጽም ያላቸውን ረጃጅም ሕንፃዎች በተመለከተ፣ መላው ፊት ባንድነት ይጋደማል ተብሎ አይጠበቅም፤ ስለዚህ 1.5ቱ ቀመር በቀጥታ አይሠራም። የሚያሰጋው ከከፍታ የሚወርድ ቁራጭ ግድግዳና ነፋስ ርቆ የሚወስደው መስታወት ነው። እሳት ከሌለበት ጎን፣ ከላይ መከለያ ባለው መግቢያ ግቡና ውጡ።

ደረጃ 4፦ ክልሉን አጥሩ፣ መኪናውን በማዕዘን አቁሙ

ያሰላችሁትን ክልል በጥብጣብና በኮን አጥሩ። በቃል የተነገረ ክልል ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይረሳል፤ ቱቦ የሚጎትት ሰው ዓይኑ ነበልባሉ ላይ እንጂ ግድግዳው ላይ አይደለም።

መኪናና መሰላል የሚቆሙት በሕንፃው ማዕዘን በኩል ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ወረቀት ላይ አራት ማዕዘን ሣሉና የሁለት ተገናኝ ግድግዳዎችን መስመር ወደ ውጭ አስረዝሙ። በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚቀረው ቦታ የአንዱም ግድግዳ መውደቂያ አይደለም፤ እያንዳንዱ ግድግዳ የሚወድቀው ወደ ራሱ ፊት ነውና። ይህ ማለት ግን ማዕዘኑን ተደግፎ መቆም ማለት አይደለም። የሚፈናጠር ጡብ መስመር አያከብርም፤ ከማዕዘኑም ራቁ።

መንገዱ ጠባብ ሲሆንስ? ግድግዳው 12 ሜትር፣ መንገዱ 10 ሜትር ከሆነ 18 ሜትር የሚባል ቦታ የለም። ይህን ጥያቄ ብዙዎች «እንግዲህ ምን እናድርግ» ብለው ተቃራኒው ሕንፃ ግድግዳ ሥር በመቆም ይመልሱታል። ይህ ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው፤ ግድግዳው ይደርስባችኋል፣ ማምለጫም የላችሁም። ያላችሁ ምርጫ ሦስት ነው። ከሁለቱም የማዕዘን ጫፍ አግድም ርጩ። የውሃ መድፉን ተክላችሁ፣ አቅጣጫውን አስተካክላችሁ፣ ውሃውን ከፍታችሁ ውጡ። ወይም ከጀርባ በኩል ሥሩ። ከሦስቱም አንዱ ካልተቻለ ግድግዳው ሥር ሰው አታቁሙ። ተቃራኒው ሕንፃ ላይ ያሉ ሰዎችም መንገድ ፊት ለፊት ካሉት ክፍሎች ይውጡ።

ደረጃ 5፦ ወደ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት

መግባት የሚያስፈልገው ሰው ለማዳን ነው፣ ወይም እሳቱ ገና በትንሽ ክፍል ተወስኖ ሳለ ነው። እሳቱ የሕንፃውን አካል ራሱን፣ ወለሉንና ወራጁን ከያዘ የሥራው ዓይነት ተለውጧል።

ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ክፍት ቦታ በሙቀት ካሜራ እዩ፤ ካሜራው ግን ኮርኒሱን አልፎ እንደማያይ አትርሱ፤ የሚያሳየው የኮርኒሱን ገጽ ሙቀት ነው። በመግቢያው አጠገብ ኮርኒሱን ቀድዳችሁ ተመልከቱ። በተያያዙ ሕንፃዎች ይህ ክፍት ቦታ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሊቀጥል ይችላል። የጋራው ግድግዳም አስተማማኝ ማገጃ ላይሆን ይችላል፤ የሁለቱ ቤቶች አግዳሚዎች ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ ከተገናኙ እሳቱ በዚያው ይሻገራል።

ስለ አግዳሚዎቹ ጫፍ አንድ ነገር ልጨምር። ጥሩ አናጢ በግንብ ውስጥ የሚገባውን የአግዳሚ ጫፍ በሰያፍ ይቆርጠዋል። አግዳሚው ከመሃሉ ነድዶ ሲወድቅ ጫፉ ግድግዳውን ሳይነካ ሹልክ ብሎ እንዲወጣ ነው። ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ወይም በብረት ከግንቡ ጋር የታሰረ ከሆነ፣ የሚወድቀው አግዳሚ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይፈነቅለዋል። የተቆረጠበትን ሁኔታ ከውጭ ማየት አይቻልም። በሰያፍ የተቆረጠው ደግሞ ግድግዳውን ሲያድን ወለሉን ይጥላል፤ ያም ቢሆን በውስጥ ላለ ሰው የምሥራች አይደለም።

ውስጡ የብረት አግዳሚ ካለው ስሌቱ ሌላ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 10 ሜትር የሆነ የብረት አግዳሚ በ550 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 6.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ግንብ ውስጥ ከተቀበሩ ያንን ርዝመት የሚያገኘው ግንቡን ገፍቶ ነው። እሳቱ ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰባል፣ ግንቡን ወደ ውስጥ ይስባል።

የድንጋይ ደረጃን አትመኑ። እምነበረድና ሌላም ድንጋይ በሙቀት ይሰነጠቃል፤ ቆሞ የሚታየው መርገጫ እግር ሲያርፍበት ሊሰበር ይችላል። በግድግዳው በኩል ርገጡ፣ አንድ በአንድ ውጡ። በብሎኬት የተሞላ የአርማታ ወለል ሥር ስትሠሩም የብሎኬቱ የታች ገጽ ተልጦ ሊወርድ እንደሚችል አስቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጭስ በጡቦቹ መጋጠሚያ በኩል በግፊት ሲወጣ፣ መስኮቶች ጠቁረው ሲርገበገቡና ነበልባል ሳይታይ ሙቀቱ ሲበዛ በር አትክፈቱ። ከውስጥ የታመቀው የጋለ ጭስ አየር ሲያገኝ ይፈነዳል፤ ፍንዳታው ግንብ ለመጣል ይበቃል። መጀመሪያ ከላይ መተንፈሻ ይከፈትለት፤ ከበሩና ከግድግዳው ፊት ሁሉም ይነሳ።

ደረጃ 6፦ ውሃውን ቁጠሩ

የምትረጩት ውሃ ክብደት አለው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። በደቂቃ 2000 ሊትር የሚረጭ የውሃ መድፍ በደቂቃ 2 ቶን ያስገባል፤ በአሥር ደቂቃ 20 ቶን። ከፊሉ ተንኖ ይወጣል፣ ከፊሉ በበርና በደረጃ ይፈሳል። ስለዚህ አንድ ሰው የሚፈሰውን ውሃ ይከታተል። ብዙ ገብቶ ጥቂት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ቀሪው ወለሉ ላይ ነው፣ ወይም ወረቀት፣ ጨርቅና እህል ጠጥተውታል። የጠጡት ዕቃዎች ይከብዳሉ፤ እስከ ግድግዳው ድረስ ተጠጋግተው የተከመሩ ከሆነ ሲያብጡ ግድግዳውን ይገፋሉ።

የውሃ መድፍ በቀጥታ ፓራፔት ላይ ወይም የተላቀቀ ግንብ ላይ አታነጣጥሩ። በመስኮት በኩል ወደ ውስጥ፣ ወደ እሳቱ ይሂድ።

ከሁሉ በላይ፣ ሰዎች በውስጥ እያሉ ከውጭ ትልቅ ውሃ አትክፈቱ። መጀመሪያ ይውጡ፣ ይቆጠሩ፣ ከዚያ ይከፈት።

ደረጃ 7፦ ግድግዳውን ብቻ የሚመለከት ሰው መድቡ

ይህ ሰው ቱቦ አይይዝም፣ ዕቃ አያቀብልም። ከክልሉ ውጭ ቆሞ ሥራው ማየት ብቻ ነው፤ ሬዲዮው በእጁ ነው፣ ያለ አዛዥ ፈቃድም «ውጡ» የማለት ሥልጣን አለው። ሁለት ጎን መታየት ካለበት ሁለት ሰው ይመደብ።

በቱንቢ የሚታየው እንዲህ ነው። ከማዕዘኑ በኩል፣ ከክልሉ ውጭ፣ የግድግዳው ጠርዝ በጎን የሚታይበት ቦታ ይምረጥ። ቱንቢውን በማይነቃነቅ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በቆመ መሰላል ላይ፣ አንጠልጥሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ክሩን ከግድግዳው ጠርዝ ጋር ያጋጥም። የቆመበትን ቦታ በጠመኔ መሬት ላይ ያመልክት። በየጥቂት ደቂቃው እዚያው ቦታ ተመልሶ ይይ። ጠርዙ ከክሩ ከተለየ ግድግዳው ተንቀሳቅሷል። ሌሊት ፓውዛውን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ብርሃኑ ግድግዳውን ታክኮ እንዲያልፍ አድርጋችሁ አብሩት፤ እብጠትና ስንጥቅ ጥላ ይጥላሉ።

የሚጠብቃቸው ምልክቶች፦ የሚሰፋ ስንጥቅ፤ ከመጋጠሚያ የሚፈስ አሸዋ ወይም ትናንሽ ቁራጭ፤ በግንቡ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣ ጭስ ወይም ውሃ፤ የተጣመመ የመስኮት ወይም የበር ፍሬም፤ የመሰንጠቅና የመንቋቋት ድምፅ፤ ከግንቡ የራቀ የብረት ሳህን። ጣሪያው ወርዶ ግድግዳው ብቻውን ከቀረ ተጨማሪ ምልክት አትጠብቁ። አናቱ ያልታሰረ ግድግዳ በአንድ ጎኑ ሲሞቅ የሞቀው ጎን ስለሚረዝም ከእሳቱ ተቃራኒ፣ ማለትም ወደ እናንተ ያዘነብላል።

ምልክት አለመታየቱ ግድግዳው ደህና መሆኑን አያሳይም። ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የሚወድቅ ግንብ አለ።

ደረጃ 8፦ የመውጫ ትእዛዙን አስቀድማችሁ ወስኑ

ሥራ ሳይጀመር አንድ የመውጫ ምልክት ይነገር፤ ለምሳሌ ሁሉም መኪኖች የሚያሰሙት ረጅም ጥሩምባ። ምልክቱ ሲሰማ ቱቦ ተጥሎ ይወጣል፤ ዕቃ አይሰበሰብም። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን በስም ሰሌዳው መሠረት ይቆጠር። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ክርክር አያስፈልግም፦ የወለሉ ወይም የጣሪያው ከፊል መውደቅ፣ ማናቸውም የግድግዳ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ወለል በእሳት መያዝ፣ ወይም ብዙ ውሃ ተረጭቶ እሳቱ አለመቀነሱ። አንድ ክፍል ከወደቀ ሁለተኛ እንደሚከተል አስቡ፤ ቀሪውን ግድግዳ ደግፎ የነበረው ያ የወደቀው ሊሆን ይችላልና።

ደረጃ 9፦ እሳቱ ከጠፋ በኋላ

ጥብጣቡ አይነሳ። ግንቡ አሁን የራሰ፣ ድጋፉን ያጣና በመቀዝቀዝ ላይ ያለ ነው፤ ነፋስና የከባድ መኪና ንዝረትም ይበቃዋል። ፍሙን ከውጭ ሆናችሁ አጥፉ። ለምርመራ ወይም ንብረት ለማውጣት መግባት የሚፈልግ ሁሉ የሕንፃ መሐንዲስ እስኪያየውና ግድግዳው በድጋፍ እስኪያዝ ወይም እስኪፈርስ ይጠብቅ። የመተንፈሻ መሣሪያችሁንም ቶሎ አታውልቁ፤ የፈረሰ ግንብ አቧራ ሳንባ ይጎዳል።

በብዛት የሚፈጸሙ ስህተቶች

• ቁመትን በወለል ቁጥር ብቻ መገመት። የሱቅ ወለል ከፍታና ፓራፔቱ ይረሳሉ፤ በደረጃ 3 ምሳሌ ሁለቱ ብቻ ቁመቱን ከሁለት ሜትር በላይ፣ ክልሉን ደግሞ ከሦስት ሜትር በላይ ያሳንሱታል።
• በበር መቃን ሥር መጠለል። ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚነገር የቆየ ምክር ነው፤ እዚህ ከአናታችሁ ያለው አግዳሚ ራሱ እየነደደ ሊሆን ይችላል።
• በመሰላል ቅርጫት ላይ ያለውን ሰው ከክልሉ ውጭ አድርጎ መቁጠር። ክልሉ ወደ ላይም አለ፤ የሚጋደም ግድግዳ ቅርጫቱን ያገኘዋል።
• የራስ ቁርን መተማመን። አንድ ጡብ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከሦስተኛ ወለል ሲወርድ የራስ ቁር አያስቆመውም።
• መሰላልን በተሰነጠቀ ፓራፔት ላይ ማስደገፍ።
• «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ ቱቦ ለማውጣት ወደ ክልሉ መመለስ። ቱቦው ይቅር።
• ተረኛ ሲቀየር ክልሉን አለማስረከብ። የሚመጣው ቡድን የሚያየው የጠፋ እሳትና ቆሞ ያደረ ግድግዳ ነው። የትኛው ግድግዳ እንደተንቀሳቀሰ፣ በስንት ሰዓት እንደታየ፣ የቱንቢው ምልክት መሬት ላይ የት እንዳለና ክልሉ ስንት ሜትር እንደሆነ ጽፋችሁ በእጅ ስጡ፤ ተቀባዩም አብሯችሁ ዙሮ አይቶ ይፈርም።